ከትል ነጻ የወጣው ቀበሌ

ወርቅውሃ ሰባተኛውን የክብሪት ቀፎ ከፍታ ናሙናውን ከማይክሮስኮፑ ሥር ስታደርገው አንድ ነገር አላማራትም። ያላማራት ቆሻሻው አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ዓይነ ምድር ስትመረምር የኖረች የላቦራቶሪ ባለሙያ ናትና አፍንጫዋ ከሥራው ጋር ከታረቀ ቆይቷል። ያላማራት ንጽሕናው ነው። ከጃናሞራ ወረዳ፣ ከአንድ ደጋ ቀበሌ የተላኩ መቶ ሃያ የክብሪት ቀፎዎች ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ቀፎ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ናሙና አለች። በስድስቱ ውስጥ አንድም የትል እንቁላል አላገኘችም፤ በሰባተኛውም የለም። በጎንደር ክፍለ ሀገር ሰባት ሰው ተከታትሎ ከትል ንጹሕ ሲሆን አይታ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እሷ ራሷም ንጹሕ አልነበረችም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መቶ ሃያውንም ጨረሰች። ውጤቱ ዜሮ ነው። ወስፋት የለ፣ የኮሶ ትል የለ፣ ምን የለ። በዚያ ላይ ከአንደኛው እስከ መቶ ሃያኛው ድረስ በሁሉም ውስጥ አንድ ዓይነት የኮሶ አበባ ስብርባሪና አንድ ዓይነት የተልባ ገለባ ይታያል። ቅጹ እንደሚለው ከሆነ ናሙናውን የሰጡት ከሁለት ዓመት ሕፃን አንሥቶ እስከ ሰማንያ ዓመት ባልቴት ድረስ ያሉ መቶ ሃያ ሰዎች ናቸው። ዘመኑ በኅብረት የማረስና በኅብረት የመሰብሰብ ዘመን መሆኑን ወርቅውሃ አላጣችውም። ሆኖም መቶ ሃያ ሰው ሕፃኑም ባልቴቷም በአንድ ቀን ኮሶ ጠጥቶ በአንድ ቀን ተልባ ይበጠብጣል ብላ እስክታምን ድረስ ገና አልነቃችም ነበር። ውጤቱን በወረቀት ገልብጣ ወደ አለቃዋ ገባች።

አለቃዋ ዶክተር ላቀው የጤና ጥናት ጣቢያው ኃላፊ ነው። ጣቢያው ጎንደር ከተማ፣ አራዳ ውስጥ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ቢጫ ቤት ነው፤ ዶክተሩ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ወዳጅ አገር የዶክትሬት ወረቀት፣ የቆዳ ካፖርትና «በመሠረቱ» የሚል ቃል ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በዚያው ቀበሌ መቶ ሃያ የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፍሮ በምረቃው ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ ተናግሮ ነበር። አሁን የተጀመረው ጥናት ጉድጓዶቹ ያመጡትን ለውጥ ለመለካት የታሰበ ነው። ለውጥ ማምጣታቸውማ አስቀድሞ በንግግሩ ተገልጿል፤ የቀረው መለካቱ ብቻ ነበር።

«ዶክተር፣ ናሙናው አላማረኝም» አለችው።

«ምን ተገኘበት?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ዜሮ። ከመቶ ሃያው በአንዱም ትል የለም። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ ሰው የወጣ ነው የሚመስለው። እንደኔ ሐሳብ እንደገና ቢሰበሰብ...»

ዶክተር ላቀው «ዜሮ» ከሚለው ቃል ወዲህ ያለውን አልሰማም። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል።

«ጓድ ወርቅውሃ፣ እስቲ ያንን ቃል ድገሚልኝ።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«እሱን አይደለም። ፊተኛውን።»

«ዜሮ።»

«በመሠረቱ» አለ ዶክተሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ያንቺ ጥርጣሬ ሳይሆን የኛ ግኝት ነው። አንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖር ሕዝብ አንድ ዓይነት ሆድ ይኖረዋል። ኮሶ መጠጣታቸውም የንቃት ምልክት ነው።»

«የሁለት ዓመቱ ሕፃንስ?»

«እሱማ ቀድሞ የነቃ ነው» አለ ዶክተር ላቀው። እየቀለደ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ የጣቢያው መጽሔት ወጣ። የመጀመሪያው ጽሑፍ «አንድ ደጋ ቀበሌ በአብዮታዊው የመጸዳጃ ዘመቻ አማካይነት ከአንጀት ትል ሙሉ በሙሉ ነጻ ስለመውጣቱ» ይላል። ሁለት ሠንጠረዥ፣ አንድ ሥዕልና አሥራ ሰባት የግርጌ ማስታወሻ አለው። ሠንጠረዦቹ በዜሮ ከላይ እስከ ታች ስለተሞሉ ለዓይን ያምራሉ። ከዶክተር ላቀው ስም ሥር ደግሞ፣ በሁለተኛ ጸሐፊነት፣ የወርቅውሃ ስም ተቀምጧል። ዶክተሩ ቸር ሰው ነው። ስሟ በማተሚያ ቤት ቀለም ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቿ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት ስሟን በአውራ ጣቷ ሸፍና ታመሰግናቸው ነበር። ደስ ማለቱ ቀርቶ አፈረች፤ ከዚያ በፊት አንድ የውሸት ቁጥር ጽፋ አታውቅም።

ነገሩ በማፈር ብቻ ቢያልቅ ደግ ነበር። በዚያው ሰሞን ለክፍለ ሀገሩ ሕፃናት አርባ ካርቶን የትል ሽሮፕ በእርዳታ መጣ። ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስን ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ጓድ ምናለ የሚባል፣ ሳይንስን እንደ ሕዝብ ጠላት ሳይሆን እንደ አኩራፊ ዘመድ ማባበል ያስፈልጋል ብሎ የሚያምን ካድሬ ነው። ኮሚቴው መጽሔቱን አነበበና የጃናሞራውን ቀበሌ ከዝርዝሩ ላይ በቀይ እርሳስ ሰረዘው። ከትል ነጻ ለወጣ ሕዝብ የትል መድኃኒት መስጠት ስድብ ነው ተባለ። ወርቅውሃ ይህን ስትሰማ እህቷ ታሰበቻት። ታላቅ እህቷ እናኑ የተዳረችው እዚያ ቀበሌ ነው፤ የእህቷም ልጅ ወለላ ከክረምት ጀምሮ ሆዷን እያመማት እንደሆነ ተልኮባታል።

ሳምንትም ሳይሞላ እናኑ ራሷ መጣች። ወለላን አዝላ፣ የባሏን አጎት አያ ክንዱን አስከትላ፣ ሁለት ቀን በእግር ደባርቅ ድረስ ተጉዛ፣ ከደባርቅ በጭነት ማኪና ተሳፍራ ከወርቅውሃ ቤት ገባች። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እጅና እግሯ ከስቶ ሆዷ ብቻ ቀርቷል። በመንገድ ላይ አንድ ትል በአፏ ወጥቷል ብላ እናኑ በእጇ ርዝመቱን አሳየቻት። ወርቅውሃ ሮጣ አራዳ ካለው ፋርማሲ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ በራሷ ገንዘብ ገዝታ አመጣችና አጠጣቻት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ክንዱ፣ ለኛ ጣቢያ በክብሪት የተላከውን ናሙና አንቱም ሰጥተው ነበር?»

«የቱን? መቶ ሃያውን?» አሉ አያ ክንዱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እሱንማ ከዳር እስከ ዳር እኔ ነኝ የሞላሁት። ምነው? ጎደለ?»

ወርቅውሃ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር አለነ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ መንግሥት አዲስ ኮታ ጥሏል፣ መቶ ሃያ ነው፣ በሦስት ቀን ተሞልቶ ይረከባል አለ። የምንድን ነው ኮታው ሲባል አፈረና መሬት መሬት እያየ ተናገረ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ሴቶቹ ከሆዳችን የወጣውን በሣጥን ዘግተን ለማናውቀው ሰው አንሰጥም፣ ምን እንደሚደረግበት ማን ያውቃል ብለው ተነሡ። ወንዶቹም ተከተሏቸው። አለነ ተጨነቀ። አምና የገብሱ ኮታ እንክርዳድ ተገኘበት ተብሎ ሲመለስ ሁለት ቀን ታስሮ ነበርና የመንግሥትን ኮታ ጠባይ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የማን ጎተራ ምን ያህል ሰጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሞልቷል ወይ? ንጹሕ ነው ወይ?

«እንግዲህ ንጹሕ ሰው ተፈለገ» አሉ አያ ክንዱ። «እኔ ደግሞ ማክሰኞ ለታ ኮሶዬን ጠጥቼ ሆዴን ጠርጌያለሁ። ከኔ የጠራ ሰው በቀበሌው አልተገኘም። ሦስት ቀን ሙሉ ተልባ እየጠጣሁ ቤቴ ተቀመጥሁ። ማህበርተኛው እርሻዬን በወንፈል አረሰልኝ፤ ሚስቶቻቸው ምሳዬን አመጡልኝ። ኧረ እንዲያ ያለ ሸጋ ሦስት ቀን አላየሁም።»

«የመጸዳጃ ጉድጓዶቹስ?» አለች ወርቅውሃ፣ መልሱን እየፈራች።

«እነሱማ ሸጋ ናቸው» አለች እናኑ። «ድንቹ አንድም አልበሰበሰብን።»

አያ ክንዱ ግን ሌላ ነገር ከንክኗቸዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ አለፈ? ቆሻሻ አልተገኘበትም?» ብለው ጠየቁ።

«አያ ክንዱ» አለች ወርቅውሃ፣ «በአሥራ አንድ ዓመቴ እንዲያ ያለ ንጹሕ ናሙና አላየሁም።» ሽማግሌው በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ወለላ ሠላሳ ሰባት ወስፋት አወጣች። ወርቅውሃ ሁሉንም ቆጥራ፣ አጥባ፣ ፎርማሊን ባለበት ጠርሙስ ከታ ከደነችው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ዳቦ ጠየቀች። በአራተኛው ቀን ኮሚቴው ሲሰበሰብ ወርቅውሃ በአንድ እጇ ጠርሙሱን፣ በሌላው አያ ክንዱን ይዛ ገባች። በዚያ ቀበሌ እንደ ወለላ ያሉ ልጆች ሞልተዋልና መድኃኒቱ ሳይደርሳቸው ቢቀር የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ ለወስፋት ቀላል ስም ይሰጡታል እንጂ አንጀት ሲዘጋ ልጅ ይገድላል። መጽሔቱ ተሳስቷል፣ ስሜም ያለበት ቢሆን ተሳስቷል፣ ናሙናው በሙሉ ከኒህ ሰውዬ ነው ብላ ቆማ ተናገረች።

ዶክተር ላቀው ፊቱ ጠቆረ።

ጓድ ምናለ ወደ አያ ክንዱ ዞሮ «ጓድ ገበሬ፣ መቶ ሃያውም የኔ ነው ሲሉ ማስረጃ አለዎት?» አላቸው።

«ማስረጃው እዚያው ክብሪቱ ውስጥ ነው፤ ጌታው» አሉ አያ ክንዱ።

«ወረቀቱ ላይ የመቶ ሃያ ሰው ስም አለ። መቶ ሃያ ሰው የሰጠውን ውጤት አንድ ሰው ተነሥቶ የኔ ነው ሲል ይህ ምን ይባላል?»

ሽማግሌው የሚባለውን አላወቁትም። ጸሐፊው ግን ያውቃል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «የብዙኃኑን ድል ለግል ጥቅም የማዋል ዝንባሌ ታይቶባቸዋል» ብሎ መዘገበው። አያ ክንዱ ምክር ተሰጥቷቸው እንዲቀመጡ ሆነ።

ቀጥሎ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጠርሙስ እንደ ሽማግሌ በምክር አይታለፍም፤ ሠላሳ ሰባቱ ትሎች በሁሉም ዓይን ፊት ተጠቅልለው ተኝተዋል። አባላቱ አንዱ ላንዱ ቶሎ ቶሎ አቀበለው። ዶክተር ላቀው መጨረሻ ላይ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና ቀስ በቀስ ፊቱ በራ።

«በመሠረቱ» አለ፣ «ልጅቷ ከመጣች ስንት ቀን ሆናት?»

«አራት» አለች ወርቅውሃ።

«የት ነው ያረፈችው?»

«አራዳ፣ እኔ ቤት።»

«ትሉ የወጣው የት ነው?»

«አራዳ ነው፤ ግን...»

«አለቀ!» አለ ዶክተር ላቀው። «ከትል ነጻ ከሆነ ቀበሌ የመጣች ሕፃን አራዳ በገባች በአራት ቀን ውስጥ ሠላሳ ሰባት ትል ተገኘባት። ይህ የኛን ጥናት የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠናክር ነው። ትሉ የአራዳ ትል ነው!»

ወርቅውሃ ጮኸች። ወስፋት እንቁላሉ ከተዋጠ ጀምሮ ይህን ያህል እስኪያድግ ሁለት ወር እንደሚፈጅ፣ በመንገድም ላይ በአፏ እንደወጣ፣ ይህ በማንኛውም መጽሐፍ እንዳለ ተናገረች። መጻሕፍቱ የተጻፉት የት ነው ተብላ ተጠየቀች፤ በውጭ አገር ነው አለች፤ እንግዲያው ስለ አራዳ ትል ምን ያውቃሉ ተባለች። ዶክተሩ ራሱ የተማረው በእነዚያው መጻሕፍት መሆኑን ማንም አላነሣም።

ኮሚቴው ደስ ብሎት ወሰነ። ዘጠኙም አባላት አራዳ ነዋሪ፣ ሰባቱም የልጆች አባት ናቸውና ትሉ የአራዳ መሆኑ አልከፋቸውም። አርባው ካርቶን በሙሉ አራዳ እንዲታደል ተባለ። መመሪያውን ዶክተር ላቀው እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈው፤ ግኝቱም በመመሪያው ውስጥ ለዘላለም እንዲቀመጥ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። «አራዳ ውስጥ አራት ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ማንኛውም ሕፃን፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ እንደተያዘ ተቆጥሮ መድኃኒቱ ይሰጠዋል።»

ወርቅውሃ ያን ዕለት እያለቀሰች ነው ቤቷ የገባችው። ተናዳለች፤ ከሁሉ ያናደዳት አያ ክንዱ መንገድ ላይ «ምነው፣ ገብሱም እኮ አምና እንዲሁ ነው የሆነው» ብለው ሊያጽናኗት መሞከራቸው ነበር። በማግስቱ የመመሪያውን ግልባጭ ለፊርማ አመጡላት። አንድ ጊዜ አነበበችው። «ከየትም ይምጣ ከየት» የምትለው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ እንደገና አነበበችው። ውሸታም ሰው ውሸቱን ሲያሳምር አንዳንድ ጊዜ በሩን ሳይዘጋ ይወጣል። ወዲያው ወረቀት አንሥታ ለሊቀ መንበር አለነ ደብዳቤ ጻፈችና ለአያ ክንዱ ሰጠቻቸው። ደብዳቤው አጭር ነው። አዲስ ኮታ ተጥሏል፤ የታመሙ ልጆች ናቸው የሚፈለጉት፤ ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን አራዳ ሊገኙ፣ አራት ቀን ቀድመው ሊገቡ ይገባል፤ እንዳይጎድል።

ኮታ ከተባለ አለነን የሚያህል የለም። ለእያንዳንዱ ልጅ «ለሕክምና» የሚል መሸኛ ጽፎ፣ ማህተሙን አትሞ፣ የገብሱን ኮታ የሚጭኑትን ሁለት ማኪናዎች ደባርቅ ላይ ለምኖ፣ እናቶችንና ልጆችን በጆንያው ላይ ጭኖ ላካቸው። ስልሳ አንድ ልጅ። ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ አራዳ ወረዱ። ወርቅውሃ ወዲያው ወደ አራዳ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወስዳ መሸኛቸው ላይ የገቡበትን ቀን አስመታች፤ ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላምና በዘመድ ቤት ተበትነው አራቱን ቀን ቆዩ።

በማደያው ቀን፣ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ዶክተር ላቀው የቆዳ ካፖርቱን ለብሶ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ወርቅውሃ ለእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ትጽፋለች፤ እሱ ይፈርማል፤ ጠርሙሱ ይሰጣል። የጣቢያው ፎቶ አንሺና ጓድ ምናለ ከጎን ቆመዋል። እስከ አራት ሰዓት የአራዳ ልጆች ብቻ መጡ። ከዚያ ከሰልፉ ኋላ የደጋ ጋቢ የለበሱ፣ ሆዳቸው የተነፋ ልጆች ያዘሉ ሴቶች ተከታትለው ቆሙ። ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እነዚህ ከየት ናቸው?»

ወርቅውሃ የቀበሌውን ስም ነገረችው።

«ያ ቀበሌ እኮ ነጻ ነው!» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ፤ ነጻ ነበሩ» አለች ወርቅውሃ እሷም በሹክሹክታ። «አራዳ ከገቡ አራት ቀን ሆናቸው። ይኸው የአራዳ ቀበሌ ማህተም። እርስዎ እንደጻፉት ተይዘዋል ማለት ነው። ወይስ መጀመሪያም ነጻ አልነበሩም እንበል?»

ዶክተር ላቀው ጓድ ምናለን አየ። ጓድ ምናለ ፎቶ አንሺውን «ይህን አንሣው፤ ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው ነው» እያለው ነበር። ዶክተሩ ብዕሩን አነሣ። ወርቅውሃም ጻፈች። ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ቦታ አራዳ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ቦታ አራዳ። በመጽሔቱ ላይ አንድ ውሸት ስሟ ሥር በመውጣቱ ስታፍር የከረመች ሴት በገዛ እጇ ስልሳ አንድ ጊዜ ዋሸች፤ ያን ያህል ደስ ብሏት ሠርታ አታውቅም።

የመጨረሻዋ ሴት ብርቄ ትባላለች። ያዘለቻት ሴት ልጅ ጠርሙሷን ተቀብላለች፤ እናትየዋ ግን ከጠረጴዛው አልሄደችም።

«ወንድሟ አስማረ እቤት ነው» አለች። «አምስት ዓመቱ ነው። ሆዱ ከዚችኛዪቱ ይብሳል፤ ጠንቶበት ማኪናው ላይ መጫን ፈራሁና ከናቴ ዘንድ ተውሁት። የሱንም ስጡኝ እባካችሁ።»

«ያልመጣ ልጅ አራዳ አልተያዘም» አለ ዶክተር ላቀው። የሚገርመው ይህኛው አነጋገር እውነት ነበር።

ወርቅውሃ ቀና ብላ ሴትዮዋን አየቻት። ያቺን ደብዳቤ ስትጽፍ በጣም የታመመው ልጅ መንገዱን እንደማይችለው አለማሰቧ እዚያው አንገበገባት። ካርድ ሳበችና ጻፈች። አስማረ፣ ዕድሜ አምስት፣ የተያዘበት ቦታ አራዳ፣ ተገኝቷል። ወደ ዶክተሩ ገፋችለት።

«ልጁ የታለ?» አለ።

«ይቺ እህቱ ናት። እሱን ወክላ መጥታለች።»

«በመሠረቱ አንድ ሰው ሌላ ሰውን ወክሎ...»

«ዶክተር» አለች ወርቅውሃ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «አንድ ሽማግሌ መቶ ሃያ ሰው ወክለው በመጽሔት ወጥተዋል። ይቺ ልጅ አንድ ወንድሟን መወከል ያቅታታል?»

ጓድ ምናለ ምንድን ነው ብሎ ዞረ። ዶክተር ላቀው በችኮላ ፈረመ። ብርቄ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከመቀነቷ ሥር ሸጉጣ የወርቅውሃን ጉልበት ስማ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናኑ በሰው እጅ ላከችባት። ልጆቹ ሸጋ ሆነዋል፤ የወጣው ትል ተቆጥሮ አያልቅም፤ አለነ ኮታው ስላለፈ ተመስገን ይላል። የብርቄ ልጅ አስማረ ግን እናቱ በደረሰችበት ቀን ዋዜማ ተቀብሮ ነበር። ጠርሙሱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። ወርቅውሃ መልእክቱን ሰምታ ወደ ላቦራቶሪዋ ተመለሰች፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን ብታደርግም የሚታያት ነገር አልነበረም።

መጽሔቱ በየካቲት እንደገና ወጣ። የመጀመሪያው ጽሑፍ «በአራዳ ስለተያዙ ስልሳ ሁለት የደጋ ሕፃናትና ስለ ሕክምናቸው ውጤት» ይላል። ስልሳ ሁለት ታከሙ፤ ስልሳ ሁለት ዳኑ፤ መቶ በመቶ። በሁለተኛ ጸሐፊነት የወርቅውሃ ስም አለ። ወርቅውሃ መጽሔቱን ይዛ ሳታንኳኳ ገባች።

«አንዱ ሞቷል» አለች። «ስልሳ አንድ ነው። መድኃኒቱ አልደረሰለትም። ይህን ማረም አለብዎት።»

ዶክተር ላቀው በዚያን ቀን አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፍቶ ካርዶቹን አወጣ፤ አንድ በአንድ ገልብጦ የፈለገውን አገኘና ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ አዙሮ አስቀመጠው።

«ይህ የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?» አላት።

ወርቅውሃ አየችው። አስማረ፣ ዕድሜ አምስት፣ ተገኝቷል ይላል።

«የኔ ነው» አለች።